«አሳስቦናል» ከማለት ውጭ የውጭ መንግሥት ምን ማድረግ ይችላል?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። ጠያቂዋ መምህርት ናት። አሳጥሬ ላቅርበው፦ «ጋሼ፣ እርስዎ የዓለም አቀፍ ሕግ ባለሙያ ነዎት ብለውኝ ነው የምጽፍልዎ። ኤምባሲዎች መግለጫ ሲያወጡ እሰማለሁ። ‹በእጅጉ አሳስቦናል› ይላሉ። ከዚያ ጸጥ ነው። በእርስ በርስ ጦርነት ሰው ሲገደል፣ ሲታፈስ፣ ሴት ስትደፈር የውጭ መንግሥት ከምር ማድረግ የሚችለው ነገር አለ? ወይስ ዝም ብለን ነው ወደ ውጭ የምናንጋጥጠው?»

እህቴ፣ አጭሩ መልስ «አለ» ነው። ግን ከምትጠብቂው ቦታ አይደለም ያለው። ጮክ ብሎ የሚሰማው ነገር ብዙ ጊዜ አይሠራም። የሚሠራው ቀስ ያለ ነው። የሚይዘውም አገርን ሙሉ ሳይሆን ስሙ የሚታወቅ አንድ ሰው ወይም አንድ የጦር ክፍል ነው።

ለዚህ ከአንቺው ከተማ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። በነሐሴ 1970 ደብረ ማርቆስ ላይ 75 ወጣት እስረኞች ተገደሉ። ዘመኑ የቀይ ሽብር ነው። ያኔ ጎጃም ውስጥ የደርግ ተወካይ የነበረው እሸቱ አለሙ ይባላል። ሰውዬው ደርግ ከመውደቁ ትንሽ ቀደም ብሎ ኔዘርላንድስ ገባ። ጥገኝነት ጠየቀ፣ ኋላም ዜግነት አገኘ። አገር ቤት ፍርድ ቤት በሌለበት ሞት ፈርዶበታል። እሱ ግን እዚያው ኑሮውን ይኖር ነበር። ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ሄግ የተቀመጠው የአገሪቱ ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት። 75ቱን ወጣቶች በማስገደል ብቻ አይደለም። ሰዎችን በማሰቃየትና ከ300 በላይ ሰው ያለ አግባብ በማሰርም ነው። ይግባኝ አለ። ሰኔ 1 ቀን 2014 ይግባኝ ሰሚውም ፍርዱን አጸናው።

ሂሳቡን ሥሪው። 39 ዓመት ከምናምን ወር ነው። ይህን ዜና ሳትሰማ ያለፈች ስንት እናት እንዳለች አስቢ። ስለዚህ «ይኸው ፍትሕ ተገኘ!» ብዬ ላስጨበጭብሽ አልፈልግም። ግን አንድ ነገር ልብ በይ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ የውጭ መንግሥት ለጎጃም ሰው ካደረገው ሁሉ በእጅ የሚጨበጥ ነገር ይሄ ነው። መግለጫ አልነበረም። የዐቃቤ ሕግ መዝገብ ነበር።

በየትኛው ሕግ ብትዪ፣ በ1949 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነቶች ነው። አራት ናቸው፤ በአራቱም ውስጥ አንቀጽ 3 አንድ ዓይነት ነው። የሚለው ቀላል ነው። ጦርነቱ የአገር ውስጥ ቢሆንም መሣሪያ ያልያዘ ወይም የጣለ ሰው አይገደልም። አይሰቃይም። አይታገትም። በአግባቡ ባልተቋቋመ ፍርድ ቤት አይቀጣም። የኔዘርላንድስ ዳኞች ያኔ ኢትዮጵያ ውስጥ የእርስ በርስ ጦርነት እንደነበረ ተቀበሉ። ስለዚህ በእስረኞቹ ላይ የተፈጸመው የጦር ወንጀል ሆነ። የጦር ወንጀል ደግሞ የትም ይፈጸም የት፣ ወንጀለኛው የተገኘበት አገር ሕግ ከፈቀደ እዚያው ይዳኛል። «የውስጥ ጉዳያችን ነው» የምትባለዋ ቃል እዚያ በር ላይ ትቀራለች።

አሜሪካ ሌላ መንገድ ነው የያዘችው። አንዱ በደርግ ጊዜ የአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ሹም የነበረ፣ ከልቤሳ ነገዎ፣ አትላንታ ሆቴል ውስጥ ሲሠራ ያሰቃያት ሴት አየችው። እሷና ሁለት ጓደኞቿ በፍትሐ ብሔር ከሰሱት፣ በ1993 (እ.ኤ.አ.) ረቱት። ሌላው ዴንቨር ላይ ተገኝቶ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የ22 ዓመት እስራት ተፈረደበት። የዚህኛው ክስ ሰቆቃ እንኳ አይደለም፤ ዜግነት ሲወስድ ዋሽቷል ነው የተባለው። ሕጉ በመስኮትም ቢሆን ይግባ እንጂ እኔ ግድ የለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። 39 ዓመቱ እንዴት ይጠር? መልሱን ጀርመኖች አሳይተዋል። የሶሪያ ጦርነት እንደጀመረ በ2011 (እ.ኤ.አ.) የጀርመን ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ አንድ መዝገብ ከፈተ። ተጠርጣሪ አልነበረውም። ማን እንደሚያዝ ማንም አያውቅም። ዝም ብሎ ጀርመን የደረሰውን ስደተኛ ቃል መቀበል፣ ፎቶ መሰብሰብ፣ የትኛው እስር ቤት በማን ሥር እንደነበረ መጻፍ ጀመረ። ከዚያ ደማስቆ ውስጥ የደኅንነት ምርመራ ኃላፊ የነበረው አንዋር ራስላን በርሊን ገባ። ተያዘ። ጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ኮብሌንዝ ከተማ ላይ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ወንጀሉ ከተፈጸመ ዐሥር ዓመት ገደማ ነው። በሺር አል አሳድ ያኔ ገና ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ነው። ማለትም ጦርነቱ እስኪያልቅ አልተጠበቀም። መንግሥት እስኪለወጥም አልተጠበቀም። ልዩነቱ መዝገቡ መቼ ተከፈተ የሚለው ላይ ነው።

ስለዚህ አንድ የውጭ ዲፕሎማት «ምን እናድርግ?» ብሎ ቢጠይቀኝ የምመልሰው አንድ ነው፦ ዛሬውኑ መዝገብ ክፈቱ። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከወለጋ የሸሸ ሰው እናንተ ዘንድ ጥገኝነት ሲጠይቅ ያየውን ጠይቁት፣ ጻፉት፣ ለዐቃቤ ሕጋችሁ ስጡ። ወታደር አይጠይቅም። የጸጥታው ምክር ቤት ድምፅ አይጠይቅም። የኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድም አይጠይቅም።

ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን አይደረግም ትዪኝ ይሆናል። የተደረገውን እንኳ እንዴት እንዳፈረሱት ልንገርሽ። ታኅሣሥ 2014 የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ምክር ቤት ኢትዮጵያን የሚመረምር የባለሙያዎች ኮሚሽን አቋቋመ። ጥያቄውን ያቀረበው የአውሮፓ ኅብረት ነው። 21 አገር ደገፈ፣ 15 ተቃወመ፣ 11 ድምፅ አልሰጥም አለ። የእኛ መንግሥት አጥብቆ ተቃወመ፣ መርማሪዎቹም እንደልባቸው አልተንቀሳቀሱም። ቢሆንም ኮሚሽኑ ማስረጃ የመሰብሰብና የማቆየት ሥልጣን ነበረው። ጉዳዩም ትግራይ ብቻ አልነበረም፤ በሁሉም ወገን የተፈጸመውን ነው።

ከዚያ ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ፍኖተ ሰላም ላይ የአየር ጥቃት ደረሰ፤ 26 ሰው መሞቱን ሪፖርት እንደደረሰው የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ ተናገረ። ኮሚሽኑ ከምንጊዜውም በላይ የሚያስፈልግበት ሰዓት ነበር። መስከረም 23 ቀን 2016 የኮሚሽኑን ዕድሜ ለማራዘም ሐሳብ የሚቀርብበት ቀን አለቀ። አንድም አገር አላቀረበም። የአውሮፓ ኅብረትም አላቀረበም። በዋዜማው፣ መስከረም 22፣ የኅብረቱ ኮሚሽነር አዲስ አበባ መጥተው የ650 ሚሊዮን ዩሮ የልማት ድጋፍ ይፋ አድርገው ነበር።

እኔ ልማት አልጠላም። ግንኙነት መጠገኑንም አልቃወምም። ግን ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ርካሹን፣ ማንንም የማይጎዳውን ነው የጣሉት። የአንድ ኮሚሽን በጀት ስንት ነው? ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

የጎጃሟን መራዊን ብታነሺብኝ አልገረምም። ጥር 20 ቀን 2016፣ የአስተርዮ ማርያም ዋዜማ ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት ኃይሎች መገደላቸውን አረጋገጥኩ አለ። መንግሥት ሲቪሎችን ዒላማ አላደረግኩም ብሎ አስተባበለ። የአሜሪካ አምባሳደር ገለልተኛ ምርመራ ይደረግ አሉ፣ ሌሎችም አሉ። ጥሩ ነው፣ ይባል። ግን ምርመራ የሚሠራውን አካል ከአራት ወር በፊት ራሳቸው አክስመውት «ይመርመር» ማለት ምንድን ነው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ገንዘብና መሣሪያ ላይ እንምጣ፤ መንግሥታት ጥርስ ያላቸው እዚህ ላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራ የሌሂ ሕግ የሚባል አለ። በሴናተሩ ስም ነው የሚጠራው። አንድ የውጭ አገር የጦር ወይም የፖሊስ ክፍል ከባድ የመብት ጥሰት መፈጸሙን የሚያሳይ አሳማኝ መረጃ ካለ፣ ለዚያ ክፍል የአሜሪካ ሥልጠናም ሆነ ትጥቅ አይሰጥም። «ለዚያ ክፍል» የምትለዋን አስምሪባት። አገሪቱን አይደለም። ስለዚህ «ሠራዊቱ ገደለ» የሚል አቤቱታ ለዚህ ሕግ ብዙም አይጠቅም። የትኛው ክፍለ ጦር፣ በየትኛው ቀን፣ በማን አዛዥነት የሚለው ነው የሚጠቅመው። ዳያስፖራው በዋሽንግተን አደባባይ ከሚጮኸው ግማሹን ጊዜ ይህን ለማጥራት ቢያውለው ብዬ ብዙ ጊዜ እመኛለሁ። ይቀየሙኛል፣ ይሁን።

ብድርም አለ። በ1977 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የአሜሪካ ሕግ፣ ከባድ ጥሰትን ልማድ ላደረገ መንግሥት በዓለም ባንክና በመሰል ተቋማት ብድር ሲቀርብ የአሜሪካ ተወካይ እንዲቃወም ያዛል። ኢትዮጵያ በትግራይ ጦርነት ምክንያት እዚህ መዝገብ ውስጥ ገብታ ነበር። በሰኔ 2015 ዋሽንግተን «ልማድነቱ ቀርቷል» ብላ አወጣቻት። የአማራ ክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው በቀጣዩ ወር ነው። በሐምሌ 2016 ደግሞ የዓለም የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አጸደቀ። በቅድመ ሁኔታዎቹ ውስጥ የብር ምንዛሪ አለ። መራዊ የለችም። የገንዘብ ድርጅቱ «ሥራዬ ኢኮኖሚ ነው» ይላል፣ ልክ ነው። ግን እዚያ ቦርድ ላይ ተቀምጠው እጅ የሚያወጡት መንግሥታት ናቸው። በዚያው ጠዋት በኤምባሲያቸው በኩል የሚያሳስባቸው እነዚያው።

እና ድሮን። «ፈረንጅ» እያልን ስናወራ የምንረሳው አለ። ጦርነቱ ላይ ትልቅ ሚና ያላቸው መንግሥታት ሁሉም ምዕራባውያን አይደሉም። ቱርክ ባይራክታር ቲቢ2 ድሮኗን ለብዙ አገር ሸጣለች፣ ኢትዮጵያም አንዷ ናት። ታኅሣሥ 2014 ትግራይ ውስጥ ደደቢት በሚገኝ የተፈናቃዮች መጠለያ ላይ በደረሰ ጥቃት ከ50 በላይ ሰው ሞተ፤ የቦምቡ ስብርባሪ ቱርክ ሠራሽ መሆኑ ተለይቷል። የመሣሪያ ንግድ ስምምነት የሚባለው ሕግ ሻጩ መሣሪያው ሲቪል ላይ እንደሚውል እያወቀ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቱርክ ግን ፈርማ አላጸደቀችውም። ስለዚህ አንካራ ላይ የሚደረግ ግፊት፣ ለምሳሌ ለድሮኖቹ የሚሆን ክፍል የሚያቀርቡ አገሮች የሚያደርጉት፣ ከአምስት የብራስልስ መግለጫ ይበልጣል። ካናዳ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ለድሮኖቹ የሚሆን ካሜራ ወደ ቱርክ እንዳይላክ ፈቃድ ሰርዛ ነበር፤ ምክንያቱ የናጎርኖ ካራባኽ ጦርነት ነበር። ይቻላል ማለት ነው።

ስለ ንግድ ማዕቀብ ግን ልብሽ እንዳይሸፍት። ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ የአፍሪካ ሸቀጥ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ዕድል፣ አስወጣች። ማን ተጎዳ? ጄኔራል አይደለም። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሸሚዝ ስትሰፋ የነበረች፣ ደመወዟን ከፋፍላ ለእናቷ የምትልክ ልጅ ናት። የውጭ ምንዛሪ ሲያጥር ደግሞ ማዳበሪያ ይጠፋል። ማዳበሪያ ሲጠፋ ጎጃም ውስጥ ምን እንደሚሆን ለአንቺ አልነግርሽም። በተቃራኒው በስም የሚጣል ማዕቀብ አለ፤ የባንክ ሒሳብ መዝጋት፣ ቪዛ መከልከል። ነሐሴ 2013 አሜሪካ የኤርትራን ጦር ኤታ ማዦር ሹም በዚህ ቀጣች። ኤርትራ ውስጥ ለተቀመጠ ጄኔራል ያን ያህል አያሳምመው ይሆናል። ልጁን ውጭ የሚያስተምር፣ ዱባይ ቤት የገዛ ሹም ግን ያመዋል። ማዕቀብ ከመጣሉ በፊት «ይህ ሰው ምን ይፈልጋል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ማዕቀብ በግማሽ ልብ ሲሆንስ? አያቶቻችን ያውቁታል። በ1928 የመንግሥታቱ ማኅበር ጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጥሎ ነዳጅን ተወው፣ የስዊዝ ቦይንም አልዘጋም። ከዓመት በታች ቆይቶ አነሳው።

ጦር ይግቡልን የሚሉም አሉ። ባጭሩ፦ አይገቡም፣ ባይገቡም ይሻላል። ሊቢያን ያየ ይበቃዋል። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤትም ቶሎ አይደርስልሽም። ኢትዮጵያ አባል አይደለችም፤ ወይ ራሷ መፍቀድ አለባት፣ ወይ የጸጥታው ምክር ቤት መምራት አለበት። እዚያ ደግሞ ድምፅን በድምፅ የሚሽሩ አምስት አገሮች ተቀምጠዋል።

አሁን የማትወጂውን ልናገር። አንቀጽ 3 የሚያስረው መንግሥትን ብቻ አይደለም። እያንዳንዱን ተዋጊ ወገን ነው። የቀበሌ ሠራተኛ ከቤቱ አውጥቶ የገደለ ፋኖ፣ ሰው አግቶ ገንዘብ የጠየቀ፣ «ትምህርት ቤት ለምን ከፈትክ» ብሎ መምህር የደበደበ፣ እነዚህም በዚያው ሕግ ተጠያቂ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ቢሮ የ2023ን (እ.ኤ.አ.) ሪፖርት ሲያወጣ በአገሪቱ የተገደሉ 1,351 ሲቪሎችን ቆጥሯል፤ 740ው አማራ ክልል ውስጥ ናቸው። አብዛኛውን ጥሰት የመንግሥት ኃይሎች ፈጸሙት ብሏል። የታጠቁትንም አልተወም። የውጭ መንግሥት ዘንድ ሄዶ የአንዱን ወገን በደል ብቻ የሚዘረዝር ሰው ቶሎ ይታወቅበታል። አንድ ጊዜ በአንድ ኤምባሲ ስብሰባ ላይ ተጋብዤ ነበር። የእኛ ሰዎች ጥሩ ማስረጃ ይዘው መጥተዋል። «የታገቱትስ?» ሲባሉ «እሱ ፕሮፓጋንዳ ነው» አሉ። ጸሐፊዋ ብዕሯን ስታስቀምጥ በዓይኔ አየሁ። ከዚያ በኋላ የተነገረው እውነት ሁሉ አልተጻፈም።

ያው ሕግ አገር ቤትም አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል በይርጋ አይታገድም፣ በምሕረትም አይታለፍም ይላል። ቀኑ ሲደርስ የሚያስፈልገው ማስረጃ ብቻ ነው። ደርግን የቀጣው ምን ይመስልሻል? የራሱ ወረቀት ነው። የገደለውን በደብዳቤ እየጻፈ፣ ማኅተም እየመታ ነበር የሚያስቀምጠው። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ያንን ክምር ነው ያገላበጠው።

ዛሬ ገዳይ ደብዳቤ አይጽፍም። ስለዚህ መጻፉ ወደ እናንተ ዞሯል። ጥንቃቄውን ግን አደራ። ኬላ ላይ ስልክ ይፈተሻል፤ ሕይወትሽን ለፎቶ አትስጪ። ማንንም ቃል ስጡኝ ብለሽ አትዙሪ፤ ያን የሠለጠነ ሰው ያድርገው፣ በተለይ የተደፈረች ልጅ አንዴ በማይችል ሰው ከተጠየቀች በኋላ ቃሏ ይበላሻል፣ እሷም ዳግም ትጎዳለች። የተነሳ ፎቶ ካለ ዋናው ፋይል እንዳይጠፋ። በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ የተነሳበት ሰዓትና ቦታ ከውስጡ ይፋቃል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን ይተርፋል። የሐኪም ወረቀት ያለው ሰው ኮፒውን ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋር ያኑር።

አንቺ ጋ ደግሞ ማንም የማይጠረጥረው መዝገብ አለ። አቴንዳንስሽ። የትኛው ተማሪ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንዳልመጣ፣ ትምህርት ቤቱ መቼ እንደተዘጋ፣ መቼ እንደተከፈተ፣ የማን ስም ላይ መስመር እንደተሰመረ። በእጅሽ የተጻፈ፣ ቀን ያለው፣ ርዕሰ መምህሩ የፈረመበት። ሰኔ ላይ ሮስተሩ ሲሞላ አሮጌውን ደብተር ለሱቅ መጠቅለያ አትስጪው።